አሮጌው አቁማዳ

እትዬ ዳርጊቱ ከአቶቴ በባጃጅ መጣች፣
ላፕቶፑን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ እንደ ጨቅላ ይዛ ገባች።
«ሞተብኝ» አለች። «አልሞተም» አልኳት፣ ገና ሳልከፍተው፤
የሙያ ውሸት ነው፤ ሐኪምም ይለዋል በሽተኛ ሲያየው።

ለቅዳሜ ሰርግ አሥራ አራት ሚዜ፣
አሥራ አራት ቀሚስ፤ ቀኑ ሐሙስ፤ ሰዓቱ መብራት የሚሄድበት ጊዜ።

የጥልፍ ማሽኗ ንድፍ የሚሰማው በዊንዶውስ አፍ፤
ላፕቶፑ ሊኑክስ፤ ሁለት ጎረቤት፣ አንድ ግድግዳ፣ የማይተላለፍ።
በመሃል አስተርጓሚ አለ፤ ዋይን ይሉታል፤
እኔ ወይን እለዋለሁ፤ ስሙ ለአፍ ይጣፍጣል፤
ሥራው መስኮት በሌለው ቤት፣ ግድግዳ ላይ መስኮት መሣል፤
ዊንዶውስ የለመደ እንግዳም መጥቶ፣ ቤቴ ነው ብሎ ይኖራል።
ከሳምንት ወዲህ ግን ያ የተሣለ መስኮት ተሰነጠቀ፤
ንድፍ ስትከፍት ይዘጋል፤ የሙሽራዋ ጽጌረዳ ግማሽ ላይ ደረቀ።

የወንድሟ ልጅ ሞክሮታል፤ አጥፍቶ ጭኖ፣ አጥፍቶ ጭኖ፣
ሦስት ጊዜ፤ ስብራቱ ሦስቴም ተመለሰ፣ ያው ራሱን ሆኖ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙን ስትነቅል ግንዱ ይሄዳል፣ ሥሩ ይቀመጣል፤
ስሙ በነጥብ የሚጀምር ጓዳ አለ፤ በነጥብ የጀመረ ከዓይን ይሰወራል።
በእኛ ጽሕፈት ነጥብ ከኋላ ይመጣል፣ አራት ሆኖ ነገር ይዘጋል፤
እዚህ አንዲቱ ከፊት ትቆማለች፣ ቤቱም ሰው የሌለበት ይመስላል።
አዲስ ወይን በአሮጌ አቁማዳ እንዲሉ፣
ሦስቴ ቢቀዳም ያው ነው፤ በዚያው ቀዳዳ ይፈስሳል ሙሉ በሙሉ።

ነቀልኩት፤ ከሥሩ፣ ከነቅርንጫፉ፣
ጥቁሩ ገበታ ላይ ነጫጭ መስመሮች እየተሯሯጡ አለፉ፤
ከሜኑው ላይ የቀረውን ርዝራዥ፣ የማይከፈተውን ምልክት፣
አንድ በአንድ ለቀምኩ፣ እንደ ምስር ጠጠር፣ በትዕግሥት።
«የተሰወረውን ግለጥ» አልኩ። ጓዳው ወጣ።
ውስጡ የውሸት ሲ ድራይቭ፤
ውስጡ ተጠቃሚዎች፤
ውስጡ አንድ ስም፦ ሽታዬ።

የመግቢያውን ስም ዓምና ወደ ዳርጊቱ አዙረውት ነበር፤
ጓዳው ግን አልሰማም፤ በሩቅ ነው የሚኖር።

በትከሻዬ ላይ አንብባው ቆመች፣ ዝም።
አባ ኮዳ ቆርቆሮው ላይ ተራመደ፤ ኳ፣ ኳ፤ ከዚያ እሱም ዝም።

«ሸሪኬ ነበረች» አለች፣ «ይህም የእርሷ ነበር፤
በሽማግሌ ተካፈልን፣ እስከ መርፌ፣ በቁጥር፤
ክሩን ጠቅልላ ወሰደች፤ ይህን ተወችልኝ እንደ ዕዳ።
ንቀይው። ስሟም አይቅር።»
እኔም በልቤ፦ ታጥቦ አይጠራም፣ ሽታ የያዘ አቁማዳ።

ማጥፊያዋ ትእዛዝ አጭር ናት፣ ምላጭ ናት፤
እርግጠኛ ነሽ ወይ አትልም፤ ቅርጫትም የላት።
ጣቴ ቁልፉ ላይ ሳለ ዓይኔ ወደ ዝርዝሩ ዘለቀ፤
ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ጥለት፤ የክርስትና ልብስ፣ የመጋረጃ ጠርዝ፤
አንዱ ግን ያላለቀ።
«ዳርጊቱ» ይላል ስሙ። ሸምበቆ፣ በላዩ ወፍ፤
አንድ ክንፍ ብቻ አላት፤ ሌላው ገና በሐሳብ የሚጠለፍ።

«አጠፋሽው?» አለች። «እያጠፋሁ ነው» አልኩ።
ስሙን ቀየርኩ። ያን ብቻ። ከኋላው «አሮጌ» ብዬ ለጠፍኩ፤
ነጥቡን አልነካሁም፤ ከነጨለማው ተውኩ።

መብራት ሄደ፤ ባትሪው አሥራ ዘጠኝ ከመቶ፤
በስልኬ ዳታ አዲሱ ወረደ፣ ጠብ ጠብ እያለ መጥቶ፤
የራሱን ቆዳ ሰፋ፤ ባዶ ክፍል፣ ኖራ የተቀባ፤
ጽጌረዳው ተከፈተ፤ ሳይዘጋ፣ ሙሉ አበባ።

ከሂሳቡ ሃምሳ ብር ቀነሰች፤ ለባጃጅ ነው አለች፤
ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፦
«አንዲት ወፍ ነበረች» አለች፣ «ሸምበቆ ላይ... እሷም አብራ ሄደች?»

ደረሰኙን ገለበጥኩት፤ ጀርባው ላይ ሁለት ቁልፍ ጻፍኩላት፤
«ኮንትሮልና ኤች። ማታ፣ ብቻሽን ስትሆኚ፣ አብረሽ ተጫኚያቸው» አልኳት።
አላመሰገነችኝም። አልተቆጣችም።
ወረቀቱን አራት አጥፋ መቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው።